የምንጭ ዳሯ ማሳ

ዝናብ ሁለት ክረምት ተከታትሎ በቀረበት በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቀዝቃዛ ደጋ ላይ ይመናሹ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አራት ልጆች ነበሯት፤ ታላቁ ደምሌ፣ ተከታይዋ አስረበብ፣ ከዚያ ሸጋው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለችው ውዴ። ሀብቷ ከምንጭ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ማሳ ብቻ ነበረች። ማሳዋ ለሁለት ብትከፈል በሬ ማዞሪያ አይኖራትም።

ርሃቡ ሲበረታ ሰው መጀመሪያ ከብቱን ሸጠ፣ ከዚያ ዘሩን በላ። ደምሌ ግን የገብሱን ዘር ከበረቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረና ላዩን በእበት ለጠፈው። ይመናሹ ደረሰችበት።

«ለውዴ አንድ እፍኝ ስጠኝ፣ ቆልቼ ላቅምሳት» አለችው።

«አልሰጥሽም እማዬ።»

«እህትህ ናት እኮ! እያየሃት?»

«ዛሬ ለእሷ ካወጣሁ ነገ ለሸጋው ላወጣ ነው፣ ከነገ ወዲያ ለራሴ። ዝናቡ ሲመጣ ምን ልንዘራ ነው?»

ደምሌ ራሱም ከዚያ ጉድጓድ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎት ነበር። ይመናሹም ይህን አይታለች። ቢሆንም እበቱን በጥፍሯ ልትቧጥጥ ስትል እጇን ይዞ ከበረቱ አስወጣት።

አስረበብ ይህን ስትሰማ ውዴን አዝላ ወደ መኪና መንገዱ ወረደች። እናቷም እየተጎተተች ተከተለቻት። መንገዱ ዳር አንድ ፈረንጅ የተሰበሰበውን ሰው ፎቶ እያነሳ ነበር። ጨርሶ ካሜራውን ወደ ቦርሳው ሊከት ሲል አስተርጓሚው አዘነና፣ «አይ እናንተ! ነጠላችሁን አጣፍታችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ። ከሩቅ ለሚያያችሁ ሰው የተቸገራችሁ አትመስሉም» አለ። እውነቱን ነበር። እንግዳ ሊያነሳን ነው ብለው ሁሉም እንደ በዓል ቀን ተስተካክለው ነበር የቆሙት።

አስረበብ ውዴን ከጀርባዋ አወረደቻት። የልጅቱን ነጠላ ገፈፈች። ቀሚሷን ወደ ታች ስባ፣ አጥንቱ የሚቆጠረውን የልጅቱን ጎን ወደ ካሜራው አዞረችው።

«አልብሻት! አንቺ፣ አልብሻት!» ብላ ይመናሹ ጮኸች።

«ቆዪ እማዬ፣ ይዩዋት።»

ያን ቀን ነፋሱ ክፉ ነበር። ውዴ ቤት ሳይደርሱ በአስረበብ ጀርባ ላይ ሞተች። ብርዱ ይሁን ርሃቡ የሚያውቅ የለም።

ፎቶው ግን ባሕር ተሻገረ። ያዩት ሰዎች አለቀሱ አሉ፤ ስንዴ የጫኑ መኪኖችም የወረዳው ከተማ ደረሱ። እህሉ መጋዘን ገባና ተቆለፈበት። የመጋዘኑ ኃላፊ «ማደል የምንጀምረው ከላይ ሲታዘዝ ነው» አለ። ሰው በሩ ላይ ተኝቶ ጠበቀ። ከተኙትም የማይነሱ ነበሩ።

ሸጋው መጥረቢያ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ዘበኛ፣ «ተው ልጄ፣ እኔም የምበላው የለኝም፤ ግን ተው» አለው። ሸጋው ገፋ አድርጎት ቁልፉን ሰበረ። ሕዝቡ ሲግተለተል ዘበኛው ከእግር ሥር ተረግጦ ሞተ። ሸጋው ለእናቱ ስንዴ ካደረሰ በኋላ ተመልሶ እጁን ሰጠ። መንደሩ በዚያ እህል ተረፈ። ለጋሾቹ ግን እህላችን ተዘረፈ ብለው መኪኖቹን አቆሙ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ተራቸውን ሲጠብቁ ብዙ ሰው ቀበሩ።

በመጨረሻ ዘነበ። የእርዳታውን ስንዴ የዘሩ ነበሩ፤ ደጋው አልተስማማውም፣ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ያኔ ደምሌ ጉድጓዱን ከፈተ። ለየቤቱ ገብስ ሰፈረ፣ መልሱልኝም አላለም። ይመናሹም ድርሻዋን ተቀብላ በምንጭ ዳሯ ማሳ ዘራች። ገብሱ ሲያሽት ማሳው ዳር ተቀምጣ፣ ያ የተከለከለችው እፍኝ የትኛው እንደሆነ ልትለይ የፈለገች ይመስል እሸቱን እየዳበሰች አለቀሰች።

ዓመታት አለፉ። ሸጋው ከእስር ወጣ። እነዚያው ለጋሾች መንደሩ ውስጥ ጤና ጣቢያ ሠሩ፤ ግድግዳው ላይም አንድ ትልቅ ፎቶ ሰቀሉ። ውዴ ናት፣ ያን ቀን እንደተገለጠች። ይመናሹ ፎቶውን ጠላችው። ግን የልጇ መልክ ሌላ የትም አልነበረም። ስለዚህ ራሴን አመመኝ እያለች ትሄዳለች፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታያታለች፤ ተራዋ ሲደርስ «ተሽሎኛል» ብላ ትመለሳለች።

አንድ ቀን የእውነት ታመመች። ሦስቱ ልጆቿ የቃሬዛውን ሦስት ጫፍ ያዙ፤ አራተኛውን ጎረቤታቸው አያ ካሴ ያዘ። ወስደው ከፎቶው ፊት አሳረፏት። ነርሷ መረመረቻትና እንደማትተርፍ ለአያ ካሴ በጆሮው ነገረችው።

«ይመናሹ፣ የማሳሽን ነገር ተናገሪ» አላት አያ ካሴ። «ኋላ እነዚህ እንዳይፋጁ።»

አስረበብ ቀደመች። «እኔ ባልገልጣት ማን ያየን ነበር? ሰው ሥዕል ሻጯ እያለኝ እስከ ዛሬ የሚያገባኝ አጣሁ።»

«ታይተን ምን አተረፍን?» አለ ደምሌ። «ይኸው መኪና ባለፈ ቁጥር የመንደሩ ልጆች እጃቸውን ይዘረጋሉ። እኛን ያቆመን የራሳችን ዘር ነው።»

«ዘርህ እስኪበቅል ማን አቆየህ፣ ወንድም ጋሼ?» ብሎ ሸጋው ሳቀበት። «እናንተ ስለ መታየትና ስለ መዝራት አውሩ። አፋችሁ የገባው እኔ ሰብሬ ያወጣሁት ነው።»

«የዘበኛው ልጆችም እንዲህ ይላሉ?» አለችው አስረበብ።

«ውዴስ አፍ ብታወጣ ስለ አንቺ ምን ትል ይሆን?» አላት ሸጋው።



የይመናሹ ዓይን ደክሟል። «አሁንም እንደተገለጠች ናት?» ብላ ጠየቀች።

«እንደተገለጠች ናት፣ እማዬ» አለች አስረበብ።

ይመናሹ ነጠላዋን ከትከሻዋ ቀስ ብላ ሳበችና ጨብጣ ያዘችው። «ይህን የምሰጠው ልጅ ያልብሳት» አለች። «ማሳዋም ለዚያው ልጅ ትሁን።»

ሦስት እጅ ወደ እሷ ተዘረጋ። አንዱ እፍኝ ገብስ የከለከለ፣ ኋላም ለመንደሩ ሁሉ የሰፈረ እጅ ነው። አንዱ ውዴን የገፈፈ፣ መኪኖቹንም የጠራ ነው። አንዱ ሽማግሌውን የገፋ፣ ስንዴውንም ያደረሰ ነው። ነጠላውን የጨበጡት ጣቶቿ መላላት ጀመሩ።

እናንተ ይመናሹን ብትሆኑ ኖሮ፣ ነጠላውን ለየትኛው እጅ ትሰጡ ነበር?