ጅብ ለቀይዋ መኪና ጎማ ሲመርጥ

አንድ ጊዜ ጅብ መኪና ገዛ። ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬቱን ሊነካ ጥቂት የቀረው የስፖርት መኪና ነበረች። አዲስ አልነበረችም። መጀመሪያ የአቦሸማኔ ነበረች። አቦሸማኔ ወገቡን ሲያመው ለከርከሮ ሸጣት። ከርከሮም መቀመጫዋን ጭቃ በጭቃ ካደረገ በኋላ ለጅብ አሳለፋት። ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል። ሞተሯ ግን ሲነሳ ሸለቆው ሁሉ ይሰማ ነበር። ጅብ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ማን እያየው እንደሆነ ለማወቅ ዙሪያውን ይገላመጣል።

መኪና ያስፈለገው ግን ለጉራ ብቻ አልነበረም። አምና ሚስቱን እመት ጅቢትን ምጥ ሲይዛት፣ አዋላጇ ዝሆን ከተራራው ማዶ ነበረች። በእግራቸው ተነሡ። ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ፤ አልኖረም። ስለዚያ ቀን ሁለቱም ብዙ አላወሩም።

ዘንድሮ እመት ጅቢት እንደገና አርግዛለች። የምትወልደው በነሐሴ ነው። ጅብም «ዘንድሮ አንዘገይም» ብሎ በአገሩ ካሉት መኪኖች ሁሉ ፈጣኗን መርጦ ገዛ። የቀረው ጎማ ነበር። አሮጌዎቹ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሽማግሌ ድድ ልሙጥ ሆነው ነበር።

በመንገዱ ዳር ጎማ የምትጠግንና የምትሸጥ አህያ ነበረች። ጎሚስታ ናት፤ በሙያዋ የሚያማት የለም። ጅብ መጥቶ ሲቆም ግን የብረት በሩን ዘግታ በመስኮት ነው ያነጋገረችው።

«እትዬ አህዪት፣ ውጪና መኪናዬን እዪልኝ እንጂ።»

«ከዚሁ ይታየኛል።»

«ምን ያስፈራሻል? ምሳዬን በልቻለሁ እኮ።»

«አጎቴ ጋም የመጣኸው ምሳዬን በልቻለሁ ብለህ ነበር።»

ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱን እንተወውና ስለ ጎማ እናውራ» አለች አህያ። «መኪናዋን ይዘህ የት ልትሄድ ነው?»

«ሚስቴን ላዋልድ። ጭጋግ በርን ተሻግሬ፣ ዝሆን ቤት።»

«መቼ?»

«በነሐሴ።»

ጭጋግ በር መንገዱ ተራራውን የሚያቋርጥበት ከፍታ ነው። በነሐሴ እዚያ ላይ ዝናቡ በረዶ ይሆናል። ከላይ የሚንሸራተተው ጭቃም አስፋልቱ ላይ ይተኛል። አህያ ነሐሴ የሚለውን ስትሰማ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጠፈች።

«እንግዲያው ስማኝ» አለች። «የበጋ ጎማ የሚሉት አለ። ለስላሳ ነው። ሞቃት አስፋልት ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ፍሬን ስትረግጥ ቶሎ ይቆማል፤ ስትታጠፍ አይለቅህም። የተሠራውም እንዲህ ላለችው መኪና ነው፤ አልዋሽህም። ብርድ ሲነካው ግን እንደ ቀንድ ይደርቃል፤ በረዶና ጭቃ ላይ ምንም አይጨብጥም። ሌላው የሁሉም ወቅት ጎማ ነው። ጥርሱ ጠለቅ ያለ ነው፤ ብርድ ላይ አይደርቅም። ግን ድምፅ አለው፤ ለመቆምም ትንሽ ይዘገያል፤ ጥምዝ ላይ እንደዚያኛው አትፈነጥዝበትም። ከሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ይቀንስብሃል።»

«ፍጥነትም ይቀንሳል?»

«ትንሽ።»

«እኔ አምና ዘግይቻለሁ» አለ ጅብ። ድምፁ ወረደ።

አህያ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «አውቃለሁ» አለችው። «አምና የዘገየኸው በእግርህ ስለሄድክ ነው። ዘንድሮ የሚያስፈራህ መዘግየት አይደለም፤ ጭራሹን አለመድረስ ነው። አሁን የሁሉም ወቅቱን አስገባ። ሚስትህ በሰላም ትገላገል። ከዚያ በበጋ ስትመጣ የበጋውን እገጥምልሃለሁ፤ እንደፈለግህ ፈንጥዝ።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ራሱን አመመው። «የዚህችን አህያ አጎት በልቻለሁ» አለ በልቡ። «አጎቷን ለበላባት ደህና ምክር የምትመክር አለች? የለችም። እንግዲህ እውነቱ የነገረችኝ ተቃራኒ ነው ማለት ነው።» በራሱ ብልጠት ተደንቆ ሞተሩን አስነሳ። ዙሪያውን ተገላመጠና ሄደ።

ቁልቁል ሲወርድ፣ ወንዙ አጠገብ፣ የቀበሮን መደብር አገኘ። የቀበሮ ጎማዎች ከሩቅ ያብረቀርቁ ነበር። ያብረቀረቁት አዲስ ስለሆኑ አይደለም። ቀበሮ በየጠዋቱ በበግ ላት ስለሚወለውላቸው ነው።

ጅብ ገና ከመኪናው ሳይወርድ አፍንጫው ሥራ ጀመረ።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ ይህ ምን ዓይነት ጎማ ነው? እንዴት ያለ ሽታ አለው!»

«የበጋ ጎማ ነው፣ ጌታዬ። ለማንም አልሸጠውም። ፍጥነት ለሚያውቁ፣ እንደ እርስዎ ላሉት ብቻ ነው።»

«በነሐሴስ ይሆናል?»

ቀበሮ ዓይኑን አጠበበ። «እርስዎ ነሐሴን ይፈራሉ እንዴ?»

«እኔ? እኔ ምን እፈራለሁ! ያቺ አህያ ናት የሁሉም ወቅት ጎማ አድርግ ያለችኝ።»

ቀበሮ በሳቅ ወደ ኋላው ተንጋለለ። «የሁሉም ወቅት! ለዚህች መኪና! ጌታዬ፣ አያ አንበሶን ጃንጥላ ይዘው ሲሄዱ አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«አዩ! የሁሉም ወቅት ጎማ እኮ ጡረታ የወጣ ጎሽ ወደ እህል ወፍጮ ሲሄድ የሚያደርገው ነው። እርስዎን በዚያ ጎማ ያየ ሁሉ ምን ይላል? ‹አያ ጅቦ አረጁ› ነው የሚለው።»

«ፍጥነቱን ንገረኝ» አለ ጅብ። «የሚያስፈልገኝ ፍጥነት ነው። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት።»

ቀበሮ ይህን ሲሰማ የተሰቀሉትን ጎማዎች አየ። ወደ አዋላጇ የሚያስኬደው ጭጋግ በር በነሐሴ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ግን ጎማዎቹ ከተሰቀሉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ላቱም ሊያልቅበት ነው።

«ጌታዬ» አለ፣ «በዚህ ጎማ ከመነሳትዎ በፊት ይደርሳሉ።»

ጅብን ይህ ነገር ልቡን ነካው። አምና ያጣው ይህንን ነበር፤ ከመነሳት በፊት መድረስን። እንባው መጣ። ምራቁም አብሮ መጣ። ጎማውን ሊመረምር ጎንበስ አለ፤ በግራ አየው፤ በቀኝ አየው፤ ከዚያ ላሰው። ቀና ብሎ አሰበና ደግሞ ላሰው።

«አራቱንም ግጠምልኝ» አለ። «አምስተኛም ካለህ ጨምርበት፤ ለመንገድ የሚሆን።»

ቤት ሲደርስ እመት ጅቢት ሆዷን ይዛ ወጣች፤ መኪናዋንም ዞራ አየቻት።

«ይህ ጎማ ጥርሱ የት ሄደ?»

«የስፖርት ነው።»

«እኔ ስፖርት ልሠራ አይደለም የምሄደው።»

«የጎማውን ነገር ለእኔ ተይው፤ አንቺ ስለ ልጁ አስቢ።»

«ሌላ የማስበው ያለኝ መሰለህ?» አለችው። ነገሩ አልጣማትም፤ ግን ሐምሌ ገብቶ ነበር፤ እግሯም አብጧል። ለመከራከር አቅም አጥታ ገባች።

ጅብ ሐምሌን ሁሉ ቆላው ላይ ሞቃቱን አስፋልት እየመረጠ ሲነዳ፣ ጎማው በእርግጥም እንደ ሙጫ ያዘ። ጥምዙን ሁሉ እንደ እባብ ዞረው። ቀበሮ ስለ ቆላው አልዋሸም። ጅብም ባየው ሁሉ ፊት «አህያዋን ብሰማ ኖሮ!» እያለ ይስቅ ነበር።

በነሐሴ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ምጡ መጣ። ጅብ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ መኪናዋን አስነሳ። የተራራውን ግማሽ እንደ ቀስት ወጡት።

«አየሽ?» አለ። «አየሽ እንዴት እንደምትበር?»

«መንገዱን እይ፤ እኔን አትይ።»

ከዚያ ብርዱ መጣ። ዝናቡ ወፈረ። ጭጋግ በር ሊደርሱ ሁለት ጥምዝ ሲቀራቸው በረዶው ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። መንገዱ ነጭ ሆነ። ጅብ ነዳጁን ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው ዞረ፣ መኪናዋ ግን ወደ ኋላ ሄደች።

«የምንሄደው ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ?» አለች እመት ጅቢት ጥርሷን ነክሳ።

«ወደ ፊት!»

«እንግዲያው ለመኪናዋ ንገራት።»

ፍሬን ያዘ፤ ምንም የተያዘ ነገር የለም። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ መኪናዋ ወደ ቀኝ ዞረች። በቀኝ ገደል ነበር። ጅብ ዓይኑን ጨፈነ። መኪናዋ አንድ ጊዜ እንደ እንዝርት ተሽከረከረችና በግራ በኩል ካለው ትልቅ ድንጋይ ጋር ተላትማ ቆመች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው በረዶው ብቻ ነበር።

«ወርጄ ልግፋት?» አለ ጅብ በሩን እየከፈተ።

«አትሂድ። እየመጣ ነው።»

«ዝሆን እኮ ገና...»

«ዝሆን የለችም። እዚህ ያለኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ምንም አታውቅም። ብቻ ያዝልኝ።»

በሁለት መቀመጫ መካከል፣ ማርሹ ወገቧን እየወጋት፣ እመት ጅቢት አማጠች። ጅብም ያዘ። እንዲይዝ የተነገረውን ሁሉ ያዘ። ልጅቱ ስትወጣ አንድ መዳፍ የማትሞላ፣ እርጥብና ዝምተኛ ነበረች።

«እትብቷን በጥሰው» አለች እመት ጅቢት።

«በምን?»

«አጥንት በምንህ ነው የምትሰብረው?»

ጅብ ጎንበስ አለ። ያ አሳፋሪ አፉ በዚህች ሰዓት እንኳ ምራቅ ሞላ።

«አንተ ጅብ! እንዳትውጥ!»

«አልውጥም» አለ፣ እያለቀሰ። ነከሰ። በጠሰ። ተፋው። ከተወለደ ጀምሮ ነክሶ ያልዋጠው ነገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ልጅቱ ግን አላለቀሰችም። ሁለቱም ይህን ዝምታ ከአምና ያውቁታል። እመት ጅቢት አንስታ ደረቷን ላሰቻት፤ አሸቻት፤ ገለበጠቻት። ጅብ ጆሮውን አስጠጋ። የሚሰማው የራሱ ልብ ነበር። ሚስቱ ደግማ ላሰቻት። በዚያን ጊዜ ልጅቱ አንድ ጊዜ አስነጠሰች፤ ቀጥላም የጅብ ልጅ ብቻ በሚጮኸው አስቀያሚ ጩኸት ተራራውን አናወጠችው። ጅብና እመት ጅቢት ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ያማረ ነገር ሰምተው አያውቁም።

በረዶው ሲያባራ መኪናዋን እዚያው ትተው ጭጋግ በርን በእግራቸው ተሻግረው ወረዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝሆን ቤት ደረሱ። ዝሆን ልጅቱን በኩምቢዋ ዳሰሰቻት፤ እትብቷን አየች።

«ደህና ናት» አለች። «ጥሩ ነው የተቆረጠው። ማን ነው ያዋለደሽ?»

የጅብ ደረት ተነፋ። «እኔ ነኝ! ያውም በመኪናዬ ውስጥ! እንዴት ያለች መኪና መሰለችሽ፣ ጎማዋ ብቻ...»

«ዝም በል» አለችው እመት ጅቢት። የተናገረችው በቁጣ አልነበረም፤ ደክሟታል። «ድንጋዩ በቀኝ፣ ገደሉ በግራ ቢሆን ኖሮ አሁን ማንም ማንንም አይጠይቅም ነበር። ድንጋዩን እዚያ ያስቀመጥከው አንተ አይደለህም።»

ጅብ እጁን ዘረጋ። ልጅቱን ከእናቷ ተቀብሎ ደረቱ ላይ አስተኛት። ትንፋሿን እየቆጠረ ተቀመጠ።

ከዚህ የምንማረው ጎማ ሲገዙ የመኪናዋን መልክ ትቶ የሚሄዱበትን መንገድና አጠገብ የምትቀመጠውን ማሰብ እንደሚገባ፣ ይህን ሳያስብ ልጁ የተረፈችለት አባት ደግሞ ዕድሉን ብልጠት ብሎ እንዳይጠራው ነው።