እባብ የቀረበት አውጫጭኝ

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር የወፎች እንቁላል እየተሰረቀ አላስቀምጥ አለ። አንበሳ ተቆጣና አራዊቱን ሁሉ ዋርካ ሥር ለአውጫጭኝ ሰበሰበ። «የሌባው ስም ሳይጠራ ከዚህ ንቅንቅ የሚል የለም!» አለ። ሁሉም መጣ። እባብ ብቻ «እግር የለኝም፣ መንገዱ አይሆንልኝም» ብሎ ላከ። አንበሳም «እውነቱን ነው፣ ምስኪን!» ብሎ ማረው። አይ ዳኛ!

እመት ጅግራ መቀመጥ አቃታት። ሰባቱ እንቁላሎቿ ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ነው የቀራቸው፤ ካልታቀፈቻቸው ይቀዘቅዛሉ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ዘቀዘቀችም፤ ትንፍሽ ያለ የለም።

በመጨረሻ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። የጎረቤቱን የሙጭልጭላን ጉድጓድ ከተመኘ ሰንብቷል። «ጌታዬ፣ እኔ ሐሜት አልወድም። ግን ጥርሱ የሾለ፣ ቅልጥሙ ያጠረ፣ በየጥሻው የሚሽሎከለክ ከሙጭልጭላ ሌላ ማን አለ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው!»

ትንሹ ሙጭልጭላ ብድግ አለ። «አልዋሽም፤ አምና ክረምት ርቦኝ ሁለት እንቁላል በልቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የምበላው እባብ ነው። እመት ጅግራ ትመስክር!»

አያ ጅቦ ለሃጩን ዋጠ። «አመነ እኮ! ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? ሥጋው ለማን ነው?»

አንበሳ ወደ ጅግራ ዞረ። «ለምስክርነት የተጠራሽው አንቺ ነሽ። ሌባው እሱ ነው? በይ ተናገሪና ሁላችንም ወደየቤታችን እንግባ።»

ሙጭልጭላ ትናንት እንኳ እባብ ከጎጆዋ ደጃፍ ሲያባርርላት በዓይኗ አይታለች። ቀና ብላ አየችው። የምትጠልቀውን ፀሐይም አየች። እንቁላሎቿ ትዝ አሏት።

«እሱ ነው» አለች።

ፍርዱ እስኪሰጥ የጠበቀ የለም፤ አያ ጅቦ ሙጭልጭላን ከነፀጉሩ ዋጠው። ቀበሮም ጉድጓዱን ለመረከብ በዚያው ሄደ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። አራዊቱ «ወንዛችን ዛሬ ጸዳ!» እየተባባሉ ደረታቸውን ነፍተው ተበተኑ። ጀግኖች!

ጅግራ እየበረረች ጎጆዋ ደረሰች። እግር የሌለው እባብ ግን ቀድሟታል፤ መንገዱም ሆኖለታል። ስድስቱን እንቁላል ውጦ ሆዱ ተነፍቷል፣ ሰባተኛው አፉ ውስጥ ነው።

«ሙጭልጭላ! ኧረ ሙጭልጭላ ድረስልኝ!» ብላ ጮኸች።

በዚያ የሚያልፈው አያ ጅቦ ሰማትና ቆም አለ።

«እዚህ ነው ያለው» አላት ሆዱን እየዳበሰ። «ምን ልበልልሽ?»

ከዚህ የምንማረው «አጥፊው ይወገድ» ሲባል ቶሎ ቤቱ ለመግባት ብሎ ያላጠፋውን የሚጠቁም፣ ቤቱ ሲደርስ የሚያስጥለው እንደማያገኝ ነው።