ያለቀው ከበሮ የት አለ?

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እግራችሁን ሰብስቡ። ካቋረጣችሁኝ ከሥር እጀምረዋለሁ፣ ታውቁኛላችሁ።

ይርገዱ የምትባል ሙሽራ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ደምለው እንዲገባላት። ደምለው ሙሽራው ነው። ሚዜዎቹን አስከትሎ በሯ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል።

ታዲያ ለምን አይገባም ትሉኛላችሁ። እንዴት አድርጎ ይግባ! በዚያ አገር ሙሽራ ዝም ብሎ አይገባም። ልጃገረዶች በር ዘግተው፣ ከበሮ እየተመታላቸው «አታልፍም!» ይሉታል፣ እሱ ይለማመጣል፣ እነሱ ይግደረደራሉ፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ሳይከለከል የገባማ ምኑን ሙሽራ ሆነ? የሰፈሩን ከበሮ ደግሞ አይጥ በልታዋለች። አዲስ ይሠራ ተብሎ ነበር፤ የይርገዱ እናት በየሠሪዎቹ ቤት እየዞረች «አለቀ?» ስትል፣ ሁሉም «አልቋል!» ይላታል። አልቋል ካሉማ ብላ ተኛች። ዛሬ ከበሮ ቢሉ፣ ወዴት አለ!

ጀምበርም አዘቀዘቀች። ጀምበር ከገባች ሰርገኛው ወዳገሩ ይመለሳል፤ ሰርግ የሚባል የለም።

«ኧረ በእናታችሁ ከልክሉን!» ይላል ደምለው ከውጭ።

ሙሽራ ከመቀመጫዋ አትነሳም፣ ቀና ብላም አታይም። ይርገዱ ግን ቀሚሷን ሰብስባ በጓሮ ወጣች፤ ከበሮ መቺዋ እትዬ ላቀች ዘንድ ሄደች።

«እትዬ ላቀች፣ ከበሮውን ይምቱልኝ!»

«የኔማ ሥራ አልቋል፣ የኔ ልጅ። ይኸው እጄን ታጥቤ፣ ቅቤ ቀብቼ ተቀምጫለሁ። ቆዳ የሌለውን ከበሮ ግን ምኑን ልምታው? ቆዳው ፈንታ ቤት ነው።»

ላቀች አትመታም፣ ልጃገረዶቹ አይከለክሉም፣ ደምለው አይገባም፤ ጀምበር ቁልቁል!

ይርገዱ ሮጠች። አያ ፈንታ ቆዳ አልፊው ደጁ ላይ ጥርሱን ይፍቃል።

«አያ ፈንታ፣ ቆዳውን ይወጥሩልኝ!»

«ቆዳውማ አልቋል! ፍቄዋለሁ፣ አልፍቼዋለሁ፣ ዳስሽው እስቲ፣ የሕፃን ጉንጭ አይመስልም? ግን ጓንጉል የፈለፈለው የከበሮ ግንድ አፉ እንደ መጋዝ ነው፣ ቆዳዬን ይቀድብኛል። መጀመሪያ አፉን ይላገው።»

ፈንታ አይወጥርም፣ ላቀች አትመታም፣ ልጃገረዶቹ አይከለክሉም፣ ደምለው አይገባም፤ ጀምበር ቁልቁል!

ይርገዱ ሮጠች፤ አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀረ። አያ ጓንጉል እንጨት ጠራቢው ግንዱ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል።

«አያ ጓንጉል፣ የግንዱን አፍ ይላጉልኝ!»

«ማነው? ሙሽራዋ ነሽ እንዴ? ምን ትሠሪያለሽ እዚህ! ግንዱማ አልቋል። ፈልፍል አላችሁኝ፣ ፈለፈልኩ። አፉን ለመላግ መጥረቢያ የለኝም፣ ቸኮል ጋ ነው።»

ጓንጉል አይልግም፣ ፈንታ አይወጥርም፣ ላቀች አትመታም፣ ልጃገረዶቹ አይከለክሉም፣ ደምለው አይገባም፤ ጀምበር ቁልቁል!

ቸኮል አንጥረኛው ነው። ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ ወናፉን ሲነፋ እንኳ በመሃል የሚያዛጋ ሰው ነው።

«ጋሼ ቸኮል፣ የጓንጉል መጥረቢያስ?»

«አልቋላ! ስዬዋለሁ፣ ፀጉር ይቆርጣል።»

ይርገዱ ብታይ፣ ብረቱ እዚህ፣ ዛቢያው እዚያ። ልክ እንደሷና እንደ ደምለው፣ ጎን ለጎን ሆነው አልተገናኙም።

«ዛቢያው አልተሰካማ!»

«ጓንጉል ሳልልኝ አለኝ እንጂ ሰካልኝ መች አለኝ?»

ቸኮል አይሰካም፣ ጓንጉል አይልግም፣ ፈንታ አይወጥርም፣ ላቀች አትመታም፣ ልጃገረዶቹ አይከለክሉም፣ ደምለው አይገባም፤ ጀምበር ቁልቁል!

ይርገዱ ምን አደረገች መሰላችሁ? የቸኮልን በርጩማ ጎተተችና ከነቀሚሷ ከሰሉ መሃል ዘፍ አለች።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለ ቸኮል።

«የኔም ሥራ አልቋላ። ታጥቤአለሁ፣ ሹሩባ ተሠርቻለሁ፣ ኩል ተኩዬአለሁ። ተዳሪ አሉኝ እንጂ ሙሽራውን አስገቢ መች አሉኝ? እዚሁ እቀመጣለሁ። ሰርገኛውም እዚሁ ይምጣ።»

ቸኮል ክው አለ። በዚያ አገር ሰርገኛ የሚበላው ሙሽራዋ ከተገኘችበት ቤት ነዋ! ጎጆው ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ድስት ሽሮ ነው፤ እሱም የትናንት።

«ተነሽ! ኧረ ተነሽ በሞቴ! ይኸው ሰካሁት፣ አለቀ!»

«አላለቀም።»

«እሺ ጓንጉል ሲልግበት ያልቃል?»

«አያልቅም።»

«ቆዳው ሲወጠር? ሲመታስ?»

«አያልቅም አልኩ! ደምለው በሬ ላይ ሲከለከል፣ ያኔ ነው አለቀ የሚባለው። እስከዚያ አለቀ ያለ ሁሉ ሰርገኛውን ራሱ ያበላል።»

እንዲህ ካልሽማ! ቸኮል መጥረቢያውን ይዞ ራሱ ሮጠ፤ ከዚያ በፊት ሲሮጥ ያየው አልነበረም፣ ውሻው እንኳ አላውቀው ብሎ ጮኸበት። ለጓንጉል ነገረው፣ ጓንጉል ለፈንታ ነገረው፣ ፈንታ ለላቀች ነገራት፤ ሁሉም ድስቱን አሰበና ብድግ አለ። ቸኮል ሰካ፣ ጓንጉል ላገ፣ ፈንታ ወጠረ። ቆዳው ሳይደርቅ? አትበሉኝ፤ በቸኮል እሳት አደረቁት። ሰርጉ እንዲቀር ትፈልጋላችሁ እንዴ? ላቀች መታች፣ ልጃገረዶቹ በሩን ጥርቅም አደረጉና «አታልፍም!» አሉ።

«እሰይ!» ብሎ ዘለለ ደምለው። «ተከለከልኩ! እልል በሉ፣ ተከለከልኩ!»

«ምን ያስቅሃል? ለምነን እንጂ!» አሉት ልጃገረዶቹ። ቢለምን ሳቁ እየቀደመው፣ ቢለምን ሳቁ እየቀደመው፣ እነሱም መግደርደሩ አቅቷቸው በሩን ለቀቁለት። ጀምበር አንድ ጣት ሲቀራት ገባ።

ይርገዱ በጓሮ ሾልካ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች፣ አቀርቅራ፣ ጨዋ መስላ። ደምለው ዓይነ ርግቡን ገለጥ ሲያደርግ፣ አፍንጫዋ ጥቀርሻ፣ እግሯ አንዱ ባዶ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ዝም በል» አለችው። «አሁን አልቋል።»

የኔ ተረት ግን ገና ነው። አንዳችሁ ሰንሰለቱን ሳትስቱ መልሳችሁ ስትነግሩኝ ነው የሚያልቀው። በሉ፣ እኔ ውኃ ልጠጣ፤ ማን ይጀምር?