አጥንት የተነፈገው ቲማቲም

አንድ ጊዜ ጥርሱ የረገፈ አንበሳ ሥጋ ማኘክ አቃተውና እንስሳቱን ሰብስቦ፣ «እንከን የሌለበት አንድ ቅርጫት ቲማቲም አልምቶ ላመጣልኝ የሰባ በሬ እሰጣለሁ» አለ።

አያ ጅቦ በሬ ሲባል ሲሰማ ለሃጩ ተዝረከረከ። ቲማቲም እንዴት እንደሚበቅል ግን አያውቅም። ስለዚህ እርሻ የምታውቀውን እመት አህይትን፣ «አልሚልኝ፤ ዕድሜ ልክሽን አልነካሽም» ብሎ እዚያው አንበሳው ፊት ማለላት።

አህይት ችግኙን ተከለች፣ ውሃ አጠጣች። አበባው ረግፎ ፍሬው ጣት ሲያክል ወደ ጅቡ ጎሬ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ እዚህ ከከመርከው አጥንት ትንሽ አቃጥለን አመዱን ሥሩ ላይ እናድርግ።»

«አጥንቴን?» ጅቡ ሄዶ ክምሩ ላይ ተቀመጠበት። «ጥርስ የሌላት ፍሬ አጥንት ምን ያደርግላታል?»

«ፍሬው ገላውን የሚያጠነክረው አሁን፣ ትንሽ ሳለ ነው። ሥሩ የአጥንቱን ኃይል ከውሃ ጋር ይልክለታል። ካደገ በኋላ ግን ውሃውን ቅጠሉ ይሻማዋል፤ ለፍሬው የሚደርሰው ጣፋጩ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሲቀላ እሰጠዋለሁ። እኔስ የወር ረሃቤን በአንድ ቀን አይደል የምወጣው!»

አህይት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ሦስቴም አጉረመረመባት።

ቲማቲሙ ቀላ፤ ከላይ ሲያዩት ያስጎመጃል። ሲገለብጡት ግን ቂጡ ጠቁሯል። ጅቡ ክው አለ። ክምሩን በሙሉ አቃጥሎ አመዱን ሥሩ ላይ ደፋው፤ አልበቃ ብሎት ፍሬዎቹንም በአመድ አሻቸው። ሳምንት ጠበቀ። ቅጠሉ ፋፋ፣ ፍሬው ግን እንደጠቆረ ቀረ።

ይህን ያየች ቀበሮ፣ «ምን ያስጨንቅሃል? ጥቁሩን ወደ ታች አድርገህ ደርድረው» አለችው። ጅቡም ምክሯን ሰምቶ ቅርጫቱን ለአንበሳው አቀረበ።

አንበሳው አንዱን አንስቶ በድዱ ገመጠና ወዲያው ተፋው።

«ጅቦ! ይሄ ከላዩ ሰርግ፣ ከታቹ ለቅሶ ነው። በሬዬ እዚሁ ይቆያል!»

ጅቡ ዞር ሲል ቀበሮ የለችም። ጅቡ እያለቀሰ ወደ አህይት ሄደ።

«ያለኝን አጥንት ሁሉ ሰጠሁት እኮ! አሁን እኔ ምን ልበላ ነው?»

«ሰጥተኸዋል፣ አያ ጅቦ» አለችው አህይት፤ እሷም አዝናለታለች። «በፈለገው ጊዜ ግን አንድ አጥንት ይበቃው ነበር።»

ከዚህ የምንማረው ለሚያድግ ነገር በጊዜው የሰጠነው ጥቂት፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ከምናፈስለት ብዙ እንደሚበልጥ ነው።