እመት አህዪት ያላስቀመጠችው ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ ቀን ቀን እህል ወደ ወፍጮ ቤት የምታመላልስ፣ ጭነቷ ሲወርድላት ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ጌም የምትሠራ አንዲት አህያ ነበረች። ማንም አላዘዛትም፤ ደስ ስለሚላት ብቻ ነው። ጌሙ ውስጥ ሰፊ መስክ አለ፤ መስኩ ላይ ጭነት ጀርባዋን ነክቷት የማያውቅ አህያ እንደ ልቧ ትፈነጫለች።

ሥራው ቀስ እያለ ሄደ። ሣር ዘራሁ ስትል ሣሩ ሰማይ ላይ በቀለ። ወንዝ ስታፈስ ውሃው ሽቅብ ወጣ። እመት አህዪት ግን በተበላሸው ሁሉ ከት ብላ እየሳቀች መልሳ ትሠራዋለች። ውሎ አድሮ ሣሩም መሬት ያዘ፣ ወንዙም ቁልቁል ወረደ።

ይህን ያየች ቀበሮ ወደ ጅብ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ አህዪትን ዓይኗንና ጆሮዋን ሸፍኜ ባስረክብህ ምን ትሰጠኛለህ?»

«ጉበቷ ላንቺ፣ ሌላው ለእኔ» አለ ጅብ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ።

ቀበሮም ከከተማ ያመጣችውን፣ ዓይን ሸፍኖ ጌም ውስጥ የሚያስገባ የቪአር መነጽር ይዛ አህዪት ግቢ ደረሰች።

«እመት አህዪት፣ መስክሽን እስከ መቼ ከውጭ ታይዋለሽ? ይህን ብታጠልቂ መሐሉ ላይ ትቆሚያለሽ።»

«ጆሮዬስ የት ይገባል?»

«እሱን እኔ አጥፌ አስርልሻለሁ።»

አህዪት መነጽሩን አጠለቀች። ሣሩ እስከ ጉልበቷ ደረሰ። አንገቷን ብታዞር የሠራችው ተራራ እዚያው ቆሟል። «ከኋላዬም አለ» አለች ቀስ ብላ። ልቧ ዘለለ፤ እግሯም ተከተለው። ግቢውን እየዞረች ፈነጨች፣ እንስራውን ገለበጠች፣ አየሩን በእርግጫ ናጠችው።

ቀበሮ አጥሩ ጥግ ካለው ቁጥቋጦ ገብታ ለጅብ ጠቀሰችው። ጅብ ከኋላ አድብቶ መጣና ታፋዋን ሊዘነጥል አፉን ከፈተ። አህዪት በዚያው ቅጽበት ደስታዋን መቻል አቅቷት ሁለቱን የኋላ እግሮቿን ወረወረች። መንጋጋው ኳ አለ።

«ይገርማል» አለች አህዪት። «እዚህ ጋ ድንጋይ አላስቀመጥኩም። ስህተት ገብቷል ማለት ነው።»

ጌም የሚሠራ ደግሞ ስህተት ሲያገኝ ደጋግሞ ሳያረጋግጥ አያልፍም። ደገመችው።

«አለ። ትንሽ ለስለስ ይላል እንጂ አለ።»

ለሦስተኛው ስትመቻች ድንጋዩ «ኧረ ይበቃኛል፣ እመት አህዪት» ብሎ ለመናት። መነጽሩን አወለቀች። ጅብ መንጋጋው ተጣሞ በሩ ላይ ቁጢጥ ብሏል። መውጫ የላትም።

«ምን እያየሽ ነው እንዲህ የምትፈነጥዢው?» አላት ጅብ።

«መስክ ነው።»

«ሥጋ አለበት?»

አህዪት መነጽሩን አየት አደረገች። «አንዲት አህያ አለች። ጭነት ተሸክማ ስለማታውቅ ስብ በስብ ናት።»

«ካንቺ ትወፍራለች?»

«እኔማ ከሷ ጋር ስተያይ አጥንት ነኝ።»

ጅብ መነጽሩን ነጥቆ አጠለቀ። ድንቡሽቡሽ ያለች አህያ ፊቱ ስትሮጥ አየና ተከተላት። ወደ ግራ ስትታጠፍ ታጠፈ፤ ዘሎ ጉብ ቢል ቁጥቋጦው ላይ ወደቀ። አፉም በፀጉር ተሞላ።

«ኧረ እኔ ነኝ፣ ልቀቀኝ» አለች የአህዪትን ጉበት ስትጠብቅ የነበረችው ቀበሮ።

«አህያ ሁሉ ሲያዝ እንዲህ ነው የሚለው» አለ ጅብ፣ ጥርሱን አጥብቆ።

ቀበሮ ግማሽ ጅራቷን ትታ በአጥሩ ቀዳዳ ተስፈነጠረች። ጅብም ቀሪውን ፍለጋ ተከተላት፤ መነጽሩ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አህዪት በሩን ዘግታ ቀረቀረች። ሳቋ መጣና መሬት ላይ እስክትንከባለል ሳቀች። ከዚያ የጅብን ለሃጭ ከመነጽሩ ጠራረገችና ተመልሳ ወደ መስኳ ገባች።

ከዚህ የምንማረው የሰውን ደስታ ወጥመድ ሊያደርግ የሚያደባ ሁሉ ከዚያው ደስታ እርግጫ እንደማያመልጥ ነው።