የሰም ምንቸት

«እማዬ፣ ጋሽ ነብሮ የሚጠብቁን ከማን ነው?»

ነጪት ይህን የጠየቀችው እናቷ እመት ጉሬዛ ጎንበስ ብላ ገንፎ ስታማስል ነው። የጉሬዛ ልጅ ስትወለድ ጸጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው ከዕድሜ ጋር ነው። ነጪት ገና ነጭ ነበረችና የሚጠየቀውን ከማይጠየቀው አልለየችም። እናትየው «ዝም በይና እንጨት አቀብይኝ» አለቻት። እንጨቱ መጣ፤ መልሱ ግን አልመጣም። ያን ቀን ማማሰያው በዞረ ቁጥር ጥያቄውም አብሮ ሲዞር ዋለ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የወንዝ ማዶው ደን ሥርዓት ያለው አገር ነበር። በላይ ንጉሥ አንበሳ አሉ፤ ከእሳቸው በታች ባለጥፍሮች፣ ከባለጥፍሮች በታች ባለቀንዶች፣ ከባለቀንዶች በታች ደግሞ እግር ብቻ ያላቸው። እግር ብቻ ካላቸው የሚፈለገው ሁለት ነገር ነበር፤ መሮጥና ማመስገን። ሜዳ ላይ ማን ማንን እንደሚበላ ሁሉም ያውቃል፤ ስለሚያውቀውም አያወራውም።

በእመት ጉሬዛ ቤት ግን ሌላ ወግ ነበረ። ቤቷ ከወንዙ መሻገሪያ አጠገብ፣ ትልቅ ዋርካ ሥር የተቀለሰ ምግብ ቤት ነው። የሚቀርበው የማር ገንፎ ነው፤ ባለጥፍሩም ባለእግሩም በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣል። በሩ ሥር ፍም ላይ የተጣደ የሰም ምንቸት አለ። የሚገባ ሁሉ መዳፉን ለብ ያለው ሰም ውስጥ ነክሮ ያወጣል፤ ሰሙ ሲረጋ ጥፍሩ እንደ ሕፃን ጣት ድብልብል ይላል። ባለቀንድም የቀንዱን ጫፍ ይነክራል። ጥርስ መብያ ነውና ማንም አውልቁ አላለም። ሲወጡ ሰሙን ልጠው ወደ ምንቸቱ ይመልሳሉ።

ይህ የሆነበት ምክንያት በዚያ ቤት ማንም ከጎኑ ያለውን ሳያጎርስ ስለማይቀምስ ነው። ራቁቱን የወጣ ጥፍር ደግሞ አፍ አያስከፍትም።

ሰሙ ፍቅር ፈጠረ ብሎ የሚያስብ ሞኝ አልነበረም። ነብር ሚዳቋን አጉርሶ ሲወጣ፣ ቢበዛ እስከ ማዶው ቁጥቋጦ ድረስ ፊቱን አዙሮ ይሄድላት ነበር። ሮጣ ለምታመልጠው ሚዳቋ ግን ያቺ ቁጥቋጦ ዕድሜ ናት። እመት ጉሬዛም ቤቷን ከናቷ የተረከበችው ለዚያች ቁጥቋጦ ብላ ይመስላት ነበር። ትዳሯም፣ የልጇ ጉርስም፣ ለፈጣሪዋ የምታቀርበው ሥራም ይኸው አንድ ገበታ ነው።

በክረምቱ ከዳገቱ ማዶ የመጡ ተኩላዎች የአያ ጅቦን የእህት ልጅ መሻገሪያው ላይ ነከሱት። ጉባኤ ተጠራ። አያ ጅቦ ተነሥቶ ቆመ። የጅብ ጥፍር ከድሮም ዱልዱም ነው፤ አያ ጅቦ ስለ ጥፍር አብዝቶ የተናገረውም ለዚህ ይሆናል።

«ንጉሥ ሆይ! ጥፍር የፈጣሪ ስጦታ ነው። ከናታችን ሆድ ሰም ለብሰን አልወጣንም። ተኩላ ሊነክሰን ሲመጣ ሰም ነክሮ ይመጣል? አይመጣም! እኛ ግን ለአንድ ጉርሻ ገንፎ ብለን ጥፍራችንን ምንቸት ውስጥ እንከታለን። ጥፍራችንን ነው? ክብራችንን ነው እንጂ!»

ባለጥፍሮቹ መሬቱን እየቧጠጡ ደገፉት። እመት ሚዳቋ ከኋላ ሆና ቀስ ብላ፣ «አያ ጅቦ፣ የእህትዎ ልጅ ሲነከስ ሰም ለብሶ ነበር እንዴ?» አለች።

«አልለበሰም። ቢለብስ ኖሮስ?» አለ አያ ጅቦ። ጉባኤውም ይህን እንደ ትልቅ መልስ ተቀበለው።

እመት ጉሬዛ ነጭ ጸጉሯን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ሰብስባ ተነሣች። «ንጉሥ ሆይ፣ ሜዳው የሁሉ ነው፤ በሜዳው አልገባም። ቤቱ ግን የኔ ነው። እንግዳ ሲመጣ እኔ አበላዋለሁ፣ እሱ እጁን ያለሰልስልኛል። ሌላ ምን አልኩ?»

«ጉድ ስሙ!» አለ አያ ጅቦ። «አውራ ጣት እንኳ የሌላት ስለ ጥፍር ልትፈርድ!»

ጉሬዛ አውራ ጣት እንደሌላት እውነት ነው። ጉባኤው ሳቀ። እመት ሚዳቋም ጎረቤቶቿ ሲስቁ አይታ፣ ብቻዋን ሳትስቅ እንዳትታይ ትንሽ ሳቀች።

ጸሐፌ ትእዛዝ ቀበሮ ሁለቱንም ወገን ደስ የሚያሰኝ ቃል አያጣም። «ባለጥፍር ሁሉ በገባበት ቤት፣ በተቀመጠበት ገበታ ጥፍሩን ገልጦ መቀመጥ ይችላል» ብሎ አነበበ። «የባለቤቶችም መብት የተጠበቀ ነው። ይህን የማትፈልግ ባለቤት በሯ ላይ የኮሶ ቅጠል ትስቀል። ቅጠሉን ሰቅላ ሳለ ተኩላ ቢገባ ግን፣ የእንግዶቿ ደም በራሷ ላይ ነው።»

ንጉሥ አንበሳ አዛጉ። የንጉሥ ማዛጋት በዚያ አገር ማኅተም ነው።

እመት ጉሬዛ የተሰጣትን መብት አመስግና ወሰደች፤ በማግሥቱም የኮሶ ቅጠል ሰቀለች። ግራዝማች ነብሮ መጥቶ ቅጠሉን ረጅም ጊዜ አየው።

«ምነው እመት ጉሬዛ፣ እኔን ጠርጥረሽ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! የምን መጠርጠር አመጡ፣ ግራዝማች? የናቴ ወግ ነው።»

«ይሁን፣ አላስገድድሽም። ሕግ አክባሪ ነኝ። ቅጠል ሰቅለሽ ተኩላ ቢመጣብሽ ግን እንዴት ዝም ብዬ አያለሁ? ደጅሽ ላይ ሆኜ እጠብቅሻለሁ» አለና በሩ መሐል ላይ ተጋደመ፤ ጥፍሩንም አንድ ባንድ ድንጋይ ላይ ይስል ጀመር።

ያን ቀን ተኩላ አልመጣም። ጥንቸልም አልመጣችም። ድኩላም ከሩቅ አይቶ ተመለሰ። ማምሻውን ግራዝማች ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ፣ «አየሽ፣ ሰላም ዋልሽ» አላት።

«ሰላምማ ነው፤ ማንም የለበትም» አለች እመት ጉሬዛ፤ ቅጠሉንም አወረደችው። ደጅ ከሚቀመጥብኝ ውስጥ ይቀመጥ ብላ ነበር። ተሳሳተች።

ግራዝማች ነብሮ ገባ፤ አያ ጅቦም ተከተለው። መዳፋቸውን ገበታው ጠርዝ ላይ ዘረጉ፤ የነብሩ ጥፍር እንደ ማጭድ ተደርድሮ ያበራል። እመት ሚዳቋ እንደ ልማዷ ነብር ጎን ተቀምጣ ነበር። ግራዝማች ገንፎውን ጠቅልሎ ማር አጥቅሶ ዘረጋላት። ጉርሻ ተዘርግቶ አይመለስም፤ ዐይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ጥፍሩ ከንፈሯን ሰነጠቀው። ደሙ ማሩ ላይ ጠብ አለ።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው!» አለ ግራዝማች እየሳቀ። አያ ጅቦም ሳቀ፤ እሱ ሳቅ ለምዶበታል።

ከዚያ ወዲያ የዚያ አገር ጾመኛ በዛ። ጥንቸል ብትጠራ፣ «ጾም ላይ ነኝ»። ድኩላ ቢጠራ፣ «ስለት አለብኝ፣ እስከ በዓሉ አልቀምስም»። እመት ሚዳቋ ከንፈሯን በቅጠል ሸፍና በሩቁ፣ «እህቴ፣ አትቀየሚኝ፣ ሱባኤ ገብቻለሁ» ትላለች። ጾም የምትወደው እመት ጉሬዛ እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ዘመን አይታ አታውቅም። ከምንቸቱ ሥር ፍሙ ጠፋ፤ ሰሙም ደርቆ ሸረሪት አደራበት። ገበታው የሁለት ባለጥፍሮች ሆነ። እነሱም ቢሆኑ እርስ በርስ መጎራረሱን ትተው፣ አንዱ ሌላውን በጎን እያየ ከየፊቱ ይዝቃል። ነጪት ያንን ጥያቄ የጠየቀችው በዚህ ሰሞን ነው።

ንጉሥ አንበሳ በዓመት አንድ ቀን እመት ጉሬዛ ቤት ወርደው ገንፎ የመብላት ልማድ ነበራቸው፤ ሕዝባቸውን እንደሚወዱ የሚያሳዩበት ቀን ነው። ቀኑ ደረሰ። ከገበታው ራስጌ ወፍራም የሣር መቀመጫ ተነጠፈላቸው። ግራዝማች ነብሮ በቀኛቸው፣ አያ ጅቦ በግራቸው፣ ቀበሮ ከኋላቸው ሆነ። ጾመኞቹም ከዛፍ ጀርባ ቆመው ያያሉ። እመት ጉሬዛ ገንፎውን አቅርባ፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ማሩን አፈሰሰችና እጇን አጣምራ ቆመች።

በቤቱ ወግ ንጉሡን መጀመሪያ የሚያጎርሳቸው በቀኛቸው የተቀመጠው ነው። ግራዝማች ነብሮ ትልቁን ጉርሻ ጠቀለለ። ማሩ እየተንጠባጠበ፣ ከጉርሻው ፊት ፊት ጥፍሩ እየቀደመ፣ ወደ ንጉሡ አፍ ዘረጋው።

ንጉሡ ጥፍሩን አዩት። በሜዳ ብዙ ጥፍር አይተዋል፤ ወደ ገዛ ምላሳቸው ሲመጣ ግን ማየታቸው የመጀመሪያቸው ነው። አፋቸው አልተከፈተም።

«ይጉረሱ እንጂ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ግራዝማች።

ንጉሡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግራዝማች፣ እኔ እንኳ ዛሬ… ጾም ላይ ነኝ።»

ከዛፉ ጀርባ አንድ ነገር ኮሽ አለ። እመት ጉሬዛ መሬት መሬት እያየች፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ዛሬ እኮ ፍስክ ነው» አለች።

ጉርሻ ተዘርግቶ አይመለስምና ግራዝማች እጁን መሰብሰብ አልቻለም፤ ንጉሥ አፉን ተገዶ አይከፍትምና ንጉሡም መክፈት አልቻሉም። ማሩ በነብሩ ክንድ ወርዶ ክርኑ ላይ ተንጠለጠለ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጥፍሩም አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ንጉሡም ጢማቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

«እማዬ» አለች ነጪት፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ንጉሡንስ የሚጠብቋቸው ከማን ነው?»

እናትየው ልጇን በዐይኗ ብትቆጣም ቃሉ ወጥቷል። አያ ጅቦ እንኳ አልሳቀም። ንጉሥ አንበሳ ከነብሩ ጥፍር ዐይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ወደ እመት ጉሬዛ ጆሮ ብቻ በሚደርስ ድምፅ፣ «አንቺ ሴት፣ ያ ሰምሽ የት ሄደ?» አሏት።

«አለ፣ ንጉሥ ሆይ። ከአዋጁ ወዲህ እሳት አላየምና ደርቋል። ይታገሡኝ እንጂ ይሞቃል።»

ትዕግሥት የእሷ ሙያ ነው። ሸረሪቱን ሳትገድል አነሣች፤ ፍም ለቀመች፤ እፍ አለች፤ አልያዘም፤ እንደገና እፍ አለች። የግራዝማች ክንድ እንደተዘረጋ ነው። ሰሙ ለብ ሲል ምንቸቱን አመጣች። ግራዝማች ጉርሻውን በግራ መዳፉ ተቀብሎ ቀኙን ነከረ፤ አያ ጅቦም ያንን ዱልዱሙን በክብር ነከረ፤ ንጉሥ አንበሳም ሌላ ቦታ እያዩ ነከሩ። ከዚያ ንጉሡ ጎረሱ። ጾሙ ተፈታ።

ንጉሡ ሲወጡ ቀበሮን ጠርተው፣ «አዋጁ አይሻርም፤ የንጉሥ ቃል ወደ ኋላ አይሄድም» አሉ። አያ ጅቦ ራሱን ነቀነቀ። ንጉሡም ቀጠሉ፤ «ነገር ግን እኔ በምበላበት ቤት ጥፍር በሰም ይሸፈን።»

«እንደ ቃልዎ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ቀበሮ። «ግን እርስዎ ከመግባትዎ በፊት አንድ ጥፍሩን የገለጠ ክፉ ቀድሞ ገብቶ ቢጠብቅስ? ‹የንጉሡ መቀመጫ ተነጥፎ በሚታይበት ቤት ሁሉ› ቢባል ይሻላል።»

ንጉሡ የነብሩን ጥፍር አስበው፣ «ብልህ ነህ» አሉት፤ አዛጉም። እመት ጉሬዛ ገበታውን እየወለወለች ነበር። ማዛጋቱን ስታይ የያዘችው ጨርቅ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ መወልወሏን ቀጠለች።

በማግሥቱ ጠዋት ከወፎቹ ቀድማ ተነሣች። ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ ጸለየች፤ ጸሎቷ አጭር ነበር። ከምንቸቱ ሥር ፍም አደረገች። ቀጥላም ንጉሡ ትናንት የተቀመጡበትን የሣር መቀመጫ አውጥታ አራገፈችና፣ ከገበታው ራስጌ እንደነበረ መልሳ አነጠፈችው። ወጥታ ከበሩ ውጭ ይታይ እንደሆነ አየች። ይታያል።

«እማዬ፣ ንጉሡ ዛሬም ይመጣሉ?» አለች ነጪት።

«ንጉሥ መቼ እንደሚመጣ በምን እናውቃለን፣ ልጄ? እኛ ማንጠፍ ነው።»

ግራዝማች ነብሮ ጥፍሩን እያንቀጫቀጨ በመንገዱ ብቅ አለ። በሩ ላይ ቆመ። መቀመጫውን አየ፤ ምንቸቱን አየ፤ ዞሮ እመት ጉሬዛን አየ። «ዛሬ… ይመጣሉ እንዴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልመጣም አላሉም፣ ግራዝማች» አለችና የምንቸቱን ክዳን አነሣችለት። ከዚያም በትከሻው ላይ አሻግራ ወደ ማዶው ቁጥቋጦ አንገቷን አስግጋ ተጣራች፦

«እመት ሚዳቋ! ነይ ግቢ እህቴ፣ ፍስክ ነው!»