ብርሃንን ስንት ነሽ ያለቻት ጃርት

ቀረብ በሉና ስሙኝ። ድሮ ድሮ፣ የዱር እንስሳት ሁሉ በአንድ ላፕቶፕ ደብዳቤ በሚያጽፉበት ዘመን ነው።

ጸሐፊዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ጠዋት አያ በሬ፣ ከሰዓት እመት ጉጉት። በስክሪኑ ላይ ከሚከፈቱት መስኮቶች የቱ የት ይቁም የሚለውን የሚደለድለውን ፕሮግራም የሠራችው ደግሞ እመት ጃርት ነበረች። በሥራዋ ትኮራለች።

በሬ ዓይኑ ደክሟል፣ ደማቅ ብርሃን ይወዳል። ጉጉትን ደማቅ ብርሃን ይወጋታል። ስለዚህ የስክሪኑ ብርሃን ሁልጊዜ መካከለኛ፣ ከአሥር አምስት ላይ እንዲሆን ተስማሙ። ጉጉት ግን በመጣች ቁጥር ስክሪኑ ዓይኗን ያቃጥላታል።

«አያ በሬ፣ ቃልህን አፈረስክ» ትለዋለች።

«እኔ አልነካሁትም» ይላል።

አንድ ቀን «ከዚህ ውሸታም ጋር አልጽፍም» ብላ ተነሣች። የዱሩ ደብዳቤ ሊቋረጥ ሆነ።

«ታገሡኝ፤ የብርሃኑን መጠን የሚናገር ምልክት እሠራለሁ» አለች ጃርት።

የመጀመሪያው ምልክት ትልቅ ነበርና የበሬን ጽሑፍ ሸፈነበት። ጃርት አፍራ አፈረሰችው።

ሁለተኛው ትንሽ ነበር፤ ከሰዓቱ ጎን ተቀመጠ። ነገር ግን ጉጉት በኪቦርዱ ብርሃኑን ብትቀንሰው፣ ምልክቱ «ዘጠኝ» እንዳለ ቀረ።

የጃርት እሾህ ቆመ። «ለምን ዋሸህ?» አለችው።

«አልዋሸሁም» አለ ምልክቱ። «መጨረሻ የነገርሽኝን ነው የያዝኩት። ብርሃንን አነጋግሬያት አላውቅም።»

ጃርት ይህን ስትሰማ ወደ ብርሃን ዞረች። «እመት ብርሃን፣ አሁን ስንት ነሽ?»

«አራት» አለች ብርሃን። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

ሦስተኛው ምልክት ከመናገሩ በፊት ብርሃንን የሚጠይቅ ሆነ።

በማግስቱ በሬ ሁሉም እያዩት ብርሃኑን አምስት ላይ አድርጎ ከወንበሩ ተነሣ። ጉጉት መጣች፤ እንደ ልማዷ የላፕቶፑን ገመድ ሶኬት ላይ ሰካች። ያኔ ምልክቱ ማንም ሳይነካው ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ አለ። ለካ ላፕቶፑ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በራሱ ይደምቅ ኖሯል።

ጉጉት አንገቷን ደፋች። «አያ በሬ፣ በድዬሃለሁ» አለች። በሬም ወንበሩን ሳበላት።

ደብዳቤ ሊያጽፍ የመጣ ዝሆን ከደጅ ሆኖ «ይህን የሠራው ማነው?» ሲል ጃርት ቀና ብላ፣ «እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ሠራሁት» አለች።

እናንተም ስለ አንዱ ከመናገራችሁ በፊት ራሱን ጠይቁት። እኔ ተረቴን ጨርሻለሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።